ባለ መደብና ማዕድ ተጋሪ



የገና ሰሞን በደረሰ ቁጥር የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ሳያሰሙን የማያልፉት አንድ ዜና አለ። እገሌ የተባሉ ባለሥልጣን «ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወገኖች ማዕድ አጋሩ» ይባላል። ዱቄት፣ ዘይትና ዶሮ የታቀፉ እናቶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ማይክሮፎን ይቀርብላቸዋል፤ ያመሰግናሉ። ዜናው ሲያበቃ ሌላ ክፍለ ከተማ፣ ሌላ ባለሥልጣን፣ ያው ዱቄት፣ ያው ምስጋና ይከተላል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህ «ማዕድ ማጋራት» የሚሉት ሥርዓት ቀስ በቀስ ቦታውን ስለወሰደበት ስለ ሌላ ሥርዓት ለመናገር ነው፤ ስለ ቅርጫ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የራበውን ማብላት ክፉ ነው የሚል ክርክር የለኝም። በአዲስ አበባ በተከፈቱት የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት ትኩስ ምግብ የሚያገኝ ሰው የእኔን ትንታኔ ሳይጠብቅ ይመገብ። ክርክሬ ከካሜራው ጋር ነው። ከዚያም በላይ ክርክሬ፣ በበዓል ቀን በገዛ ቤቱ ጋባዥ መሆን የሚገባውን ዜጋ ተጋባዥ አድርጎ፣ በገዛ ገንዘቡ በተገዛ ዱቄት አመስጋኝ ከሚያደርገው አስተሳሰብ ጋር ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ሜክሲኮ፣ ከዋቢ ሸበሌ ሆቴል ወረድ ብሎ ነው። ስሙን የሰጠችን አገር የፋሽስት ኢጣልያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ እንደነበረች አንባቢ ያውቃል፤ በዋና ከተማዋም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ባቡር ጣቢያ እስከ ዛሬ አለ። የእኛው አደባባይ ግን ክብ ቅርጹን ለቀላል ባቡሩ አስረክቦ፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ሐዲድና ድልድይ የሚያልፍበት መጋጠሚያ ሆኗል። ሰው አሁንም «አደባባይ» ይለዋል። ከዚያው ፈቀቅ ብሎ ያለውን፣ ስሙን ከበሬ ገበያ የወረሰውን ሰንጋ ተራንም እንዲሁ በቀድሞ ስሙ እንጠራዋለን፤ ዛሬ ግን ሰንጋ የሚባል ነገር የሚታይበት በባንኮች ሕንፃ ሥር ባለው ምግብ ቤት ሰሐን ላይ ብቻ ነው።

የሰፈራችን ቤቶች አብዛኞቹ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ፣ ኋላም የቀበሌ ቤት የተባሉ ነበሩ። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት አባወራ ይኖራል። ቅርጫው የሚሰባሰበው ከሁለት ሦስት ግቢ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተያዘው ጾም ሊጋመስ ሲል የቅርጫው ዳኛ ደብተሩን ይዞ ይዞራል፤ ሙሉ መደብ ማን፣ ግማሽ መደብ ማን እንደሆነ ይመዘግባል። ገንዘቡ ተዋጥቶ በሬው ሲገዛ ሦስት ሰዎች አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ የበሬ ዐዋቂ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ፣ ሦስተኛው ሁለቱን የሚጠብቅ። ሦስተኛውን ስም አውጥቶ «ኦዲተር» ያለው ሰው አልነበረም፤ ሥራው ግን ይኸው ነበር። ለልጆች የገና ዋዜማ ማለት ግቢ ውስጥ የታሰረውን በሬ ድርቆሽ ማብላት ነው። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደሩት ሲመለሱ ይታረዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ። የኮባ ቅጠል መሬት ላይ ይነጠፋል። ሽንጡ ለብቻ አይሰጥም፤ ጉበቱ ለአንድ ሰው አይሄድም፤ ሻኛው፣ ጎድኑ፣ ታላቁ፣ ጨጓራው ሁሉ እየተከተፈ በየመደቡ ላይ ይከፋፈላል። ዳኛው እየዞረ ከአንዱ ያነሣል፣ በሌላው ይጨምራል። ሁሉም «ተካከለ» ካለ በኋላ እያንዳንዱ ባለ መደብ ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ የእስክሪብቶ ክዳን። ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ከውጭ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። በቃ። ዕጣ ያወጣው መደብ የእርሱ ነው፤ ይግባኝ የለም።

ለተማሪዎቼ ስለ ማኅበራዊ ውል በማስተምርበት ጊዜ ከሩሶ በፊት ቅርጫን አስቀድማለሁ። አከፋፋዩ የትኛው መደብ ለራሱ እንደሚደርስ አያውቅምና አድልቶ የሚጠቀምበት መንገድ የለውም። የእኛን ቅርጫ ከነበሩት መካከል አንድ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ክፍል ኃላፊ፣ አንድ የኮሜርስ መምህር፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛና ጠላ ጠምቃ ልጆቿን ያስተማረች እትዬ የምንላት ጎረቤታችን ነበሩ። የኃላፊው ቁልፍና የእትዬ ቁልፍ በአንድ ባርኔጣ ውስጥ ይገቡ ነበር። ማንም ማንንም አያመሰግንም፤ የሚመሰገነው እግዚአብሔርና በሬውን የመረጠው ሰው ነው።

ይህ መንፈስ ከገና ጋር የቆየ ዝምድና ያለው ይመስለኛል። በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ጌታውም ሎሌውም በአንድ እሩር ይራኮቱ እንደነበር፣ በዚያ ቀን መኳንንቱ ሲተረቡ መቆጣት ነውር እንደነበር አባቶቻችን ነግረውናል። እኩልነት ለአንድ ቀን ብቻ መሆኑ እርግጥ ጉድለት ነው። ለአንድ ቀንም ቢሆን ግን ሥልጣን ያለው ሰው ተራ ተጫዋች መሆኑን የሚያሳየው ሜዳ ላይ ወርዶ እንጂ፣ ለአሸናፊው ዶሮ እያደለ አልነበረም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይህ የናፍቆት ወሬ ነው፤ ቅርጫውም የሚያገልለው ነበረው» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በእኛ በሬ አልነበሩበትም፤ በአረፋ የራሳቸው ነበራቸው። ሩብ መደብም የማይደርስበት ሰው በሰፈሩ ነበር፤ ለእርሱ ከየመደቡ ይነሣለት ነበር። ልዩነቱ፣ የተነሣለትን ሥጋ ሲቀበል ፎቶግራፍ አለመነሣቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ካገኘ ደግሞ ደብተሩ ላይ ይገባል።

ቅርጫችን ብዙ ፖለቲካ አይቷል። ከምርጫ 97 በኋላ የቅንጅት መሪዎች ከጥቅምት 1998 ጀምረው ሁለት የገና በዓላትን በእስር ሲያሳልፉ፣ ግቢያችን ውስጥ የኢሕአዴግ አባልና የቅንጅት ታዛቢ የነበሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጠል ዙሪያ ተቀምጠው ሥጋ ይከትፉ ነበር። ተሰዳድበዋል፤ ቢላዋ ግን ለሥጋው ብቻ ነበር። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በታኅሣሥ 2001፣ ለገና ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ዳግም ስትታሰር፣ ከእናቷና ከትንሽ ልጇ በቀር ማንም እንዳይጠይቃት መከልከሉን ሰምተን በዚያ ዓመት ክርክሩ መረር ብሎ ነበር። ሆኖም ቅርጫው አልፈረሰም።

ሊፈርስ የተቃረበው በ2014 ነው። ያን ገና የሚረሳ አይኖርም። መንግሥት በውጭ የሚኖሩ አንድ ሚሊዮን ወገኖች ለገና ወደ አገራቸው እንዲመጡ ጥሪ አቅርቦ ቦሌ አሸብርቃለች። በዕለቱ፣ ታኅሣሥ 29፣ እስክንድር ነጋ፣ ጃዋር መሐመድ፣ በቀለ ገርባ፣ ስብሐት ነጋና ሌሎችም እንዲፈቱ መወሰኑ ተነገረ። በዚያችው ዕለት ሌሊት ደግሞ ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በሰው አልባ አውሮፕላን ተደብድቦ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስብሰባ፣ ምሕረትና ሞት በአንድ የልደት ቀን።

ከቅርጫችን አባላት አንዱ የትግራይ ተወላጅ ነው። በጥቅምት 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሥራ ሲመለስ ተወስዶ ነበር፤ ክስ አልነበረበትም። ደብተሩ ሲዞር ስሙ ጋ ሲደረስ ዝምታ ሆነ። አንዱ «እንዝለለው» አለ፤ በክፋት አይመስለኝም፣ በፍርሃት ነው። ሌላው «አናስከፍላት፤ መደቡን ለሚስቱ በነጻ እንስጣት» አለ። ይህ ደግ ሐሳብ ሆኖ ታየንና ተስማማን። ሚስቱ መጣች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ነገሩን በሰማች ጊዜ ገንዘቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ወንድሞቼ፣ መዋጮውን ተቀበሉኝ። እኔ የመጣሁት መደባችንን ልወስድ ነው» አለች። ከዚያም የባሏን የመኪና ቁልፍ ለምልክት ሰጠች። ዕጣው በስሙ ተጣለ። ተቀበልን፤ ማንም ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ሰውየው ከሳምንታት በኋላ ተፈቶ፣ አሁንም ከእኛ ጋር ነው።

ያቺ ሴት በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገረችውን ነገር እኔ በዚህ ሁሉ ገጽ ለመናገር እየተንደፋደፍሁ ነው። በነጻ የሚሰጥሽ ሰው በሌላ ጊዜ ሊነፍግሽ ይችላል፤ ምክንያቱም የሰጠሽ እርሱ ነው። መደብ ያለው ሰው ግን የሚወስደው የራሱን ነው። «ዜጋ» የሚለውን ቃል ለማስረዳት የፈጀነው ወረቀት ሁሉ ከዚህ የራቀ ነገር አይነግረንም።

እንግዲህ ባለ መደቡ ወዴት ሄደ? ሁለት ነገር በተከታታይ ደረሰበት። የመጀመሪያው መበተን ነው። ልደታ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በሰፊው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠራበት፤ በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ተነሡ። የእኛም አባላት አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ ሁለቱ ቱሉ ዲምቱ ገብተዋል። የከተማዋን መታደስ አልቃወምም፤ የእኛ ግቢ መጸዳጃ ቤት ለናፍቆት የሚሆን አልነበረም። የሚያሳዝነኝ ካሳ ሲሰላ ግድግዳና ጣሪያ እንጂ ደብተሩ አለመቆጠሩ ነው። ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ከነጎረቤቶቻቸው እንዲገቡ መደረጉ ሊመሰገን ይገባል፤ የልምድ ጅምር ይመስለኛል። ኮንዶሚኒየሞቹን የነደፉት ሰዎችም ከሌሎቻችን ቀድመው ያሰቡት ነገር ነበር፤ ለእርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት በየብሎኩ መካከል ሠርተዋል። ከእነዚህ ቤቶች ስንቱ ዛሬ ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይቶ እንደሚገኝ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሆነ አንባቢ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ይመልከት።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደመወዝም ተጨምሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በሬው የደመወዝ ማስተካከያ ሰሌዳ አያነብም። ሙሉ መደብ የነበረኝ እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ግማሽ ወርጃለሁ፤ አምና ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ግማሹን ለሁለት ተካፍለናል። በሩብ መደብ ዶክተር ስባል ልጆቼ ይሥቃሉ። ከእኔ በታች የነበረው፣ ሩብ ይወስድ የነበረው ሰው ግን ከደብተሩ ወጥቷል። የት እንደገባ ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ በበዓል ዋዜማ ዜና ላይ ዱቄት ታቅፎ ይታያል።

ለዚህ ነው «ማዕድ ማጋራት»ን እንደ በጎነት ብቻ ማየት የሚያስቸግረኝ። ሰውየውን ከመደቡ ያወጣው የኑሮ ውድነት የፖሊሲ ውጤትም ነው፤ የሰጠውም ያው የፖሊሲው ባለቤት ነው። እንደ ወንጌላዊው ሉቃስ አተራረክ የመጀመሪያው ገና ራሱ በቄሣር የሕዝብ ቆጠራ ትእዛዝ ከቤቱ ተነሥቶ፣ በደረሰበትም ማደሪያ ያጣ ቤተ ሰብ ታሪክ ነው። ያን ሌሊት ወደ በረቱ የመጡት እረኞች ናቸው። የቄሣር መልእክተኛ ዱቄት ይዞ ስለመምጣቱ የተጻፈ ነገር የለም።

መንግሥት ከልቡ ለበዓል ማሰብ ከፈለገ የሚሠራው አለው። የበሬና የበግ ዋጋ ከአርብቶ አደሩ እጅ ወጥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በየኬላው የሚጨመርበትን ይቀንስ፤ መንገዱ ሰላም ይሁን። የጋራ ቤቶቹን ለነዋሪው ያስመልስ። የሚነሣ ሰፈር ሲኖር፣ የቤት ባለቤቱም ደባሉም በአንድ ደብተር የነበሩ ከሆነ በአንድ ብሎክ ይግቡ። የእኛ ገንዘብ ያዥ ለሠላሳ ዓመት አንዲት ሳንቲም ያላጎደለ ሰው ነበር፤ ደባል ስለነበረ ግን ምትክ ቤት አልደረሰውም፤ አሁን ያለው አለም ገና ነው።

የዘንድሮው ቅርጫ ጀሞ ላይ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚመጡት ሥጋውን በታክሲ ማመላለስ ስለሚከብዳቸው አንድ ወዳጃችን ፒካፕ ሊያመጣ ቃል ገብቷል። ደብተሩ ላይ 14 ስም አለ፤ ከእነዚህ አራቱ ሩብ ናቸው፤ ሩቦቹ ለየብቻ ምልክት ይስጡ ወይስ በአንድ ቁልፍ ይግቡ የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም። መዋጮ የሚሰበሰበው እስከ ታኅሣሥ 20 ድረስ ነው፤ ገንዘብ ያዡ አሁንም ያው ሰው ነው።