ምላጭ ለግል፣ ሙያ ለጋራ

ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች በአገራችን ከተመዘገቡ ወዲህ ትምህርቱ ይኸው ነበር፤ በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤት ክበብ፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ። ደግ ተደረገ! ፀጉር ቤት ገብተን አዲሱ ምላጭ ዓይናችን እያየ ከወረቀቱ ካልወጣ ዛሬም ከወንበሩ እንነሳለን። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ግን እኮ ሁለት ነገር ነው አብረን የጣልነው። በአንድ ምላጭ ለብዙ መላጨትን ጣልን፤ መሳልንም ጣልን። የመጀመሪያው ጤና ነው። ሁለተኛውን ግን ጣሉ ያለን ሐኪም የለም።

ለነገሩ መሳልን መርሳት የተጀመረው ከኤድስ በፊት፣ ከአገራችንም ውጭ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባል አሜሪካዊ ተጠቅመው የሚጥሉትን ምላጭ ገበያ ሲያወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ በሚሊዮን አደለው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ከዚያ በፊት ሰውዬው እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ አንድ ምላጭ ይገዛል፣ ዕድሜ ልኩን እየሳለ ይላጭበታል።

በምን ይስለዋል? በድንጋይ! አሜሪካ፣ አርካንሳስ ውስጥ፣ ሆት ስፕሪንግስ ከተማ አካባቢ ካሉት ተራሮች ኖቫኩላይት የሚባል ድንጋይ ይወጣል። ስሙ ራሱ ምላጭ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ዕድሜው ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ ነጮች ሳይደርሱበት የአገሩ ተወላጆች የጦር ጫፍ ይሠሩበት ነበር።

ድንጋዩ ላይ ቀጠን ያለ የማዕድን ዘይት ጠብ ይደረጋል። ዘይቱ አይስልም፤ ከብረቱ የሚፋቀውን ብናኝ አንሳፎ ድንጋዩ እንዳይደፈን ይጠብቀዋል። (የምግብ ዘይት እንዳትሞክሩ፤ ውሎ አድሮ ሙጫ ይሆናል።) ምላጩ ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን ነክቶ ይተኛል፣ ስለቱን አስቀድሞ ይሄዳል፣ በጀርባው ተገላብጦ ይመለሳል። መጫን አያስፈልግም። በመጨረሻ ቆዳ ላይ ይታሻል፤ እዚያ ደግሞ ጀርባው ነው የሚቀድመው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሳ። ከእነዚህ ድንጋዮች ብርሃን የሚያሳልፈው ዓይነት በውድ ይሸጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ማለስለሻ ነው። የዶለዶመ ወይም የተሸረፈ ምላጭ እሱ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢመላለስ የረባ ለውጥ አያመጣም። መጀመሪያ ሻካራው ድንጋይ ስለት ያወጣል፣ ከዚያ ጠንካራው ያለሰልሳል። እኛ ደግሞ በሁሉም ነገር ከማለስለሻው መጀመር እንወዳለን። ውድ ዕቃ ቀድመን እንገዛለን፣ ሙያው በኋላ የሚመጣ ይመስለናል። አይመጣም።

«ታዲያ ወደ አያቶቻችን ምላጭ እንመለስ ነው የምትሉት?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም! ያ ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት፤ ደንበኛ የሚፈራረቅበት ፀጉር ቤት ድርሽ አይበል። ራሱን ለመላጨት የሚፈልግ፣ ለመማር ትዕግሥት ያለው ሰው ይያዘው።

የምንለው ሌላ ነው። ቢላዋችን ሲደነዝ ሌላ እንገዛለን፣ መቀሳችን ሲላላ እንጥላለን። መሳል ማለት ግን ዕቃው አላለቀም ብሎ መከራከር ነው። ይህን ክርክር የሚችሉ እጆች ሲጠፉ፣ የምንገዛውን ብቻ የምንጠብቅ ሰዎች ሆነን እንቀራለን።

ስለዚህ ምላጩ የየግላችን ይሁን፤ ሙያው ግን ለሁላችን ይድረስ። ቢላዋው አልቆርጥ ሲል ወደ ሱቅ ከመሮጣችን በፊት፣ መሳል የሚችል ሰው አጠገብ ቆመን እጁን እንይ።