እንግዳ ሲመጣ ጠላው ተደበቀ

የቼኳ ፒልሰን ከተማ በ1842 እ.ኤ.አ. በጠመቀችው ቢራ ዓለም ያውቃታል፤ ጎብኚ ዛሬም ከነምግቡ ሊቀምሰው እዚያው ድረስ ይሄዳል። እኛስ?

ለመስክ ጉብኝት ከደብረ ታቦር ተነስተን ነፋስ መውጫ ስንደርስ፣ ያረፍንበት ቤት እመቤት ልጃቸውን ቢራ እንዲገዛ ላኩት። ጓዳ ጋን ሙሉ ጠላ እያለ! «የተማረ ሰው ጠላ መች ይጠጣል ብዬ!» አሉን። አፈርኩ። «እማማ፣ በሞቴ ጠላውን ይቅዱልን» ብለን ለመንን። እንደ ወጉ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱልን። ጋኑ በወይራ የታጠነ፣ ገብሱ የጓሯቸው፣ ጌሾና ብቅሉ ተጠንስሶ፣ ተደፍድፎ ስንት ቀን የተለፋበት ነው። ከድንች ወጡ ጋር ምኑ ይነገራል! (ሁለተኛውን ጣሳ ግን አልጨረስኩም፤ ጉሽ ስለሆነ አናት ላይ ይወጣል።)

በእኔ እምነት ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የጉብኝት መስመር ንደፉ ስንባል የጻፍነው ቤተ ክርስቲያንና ተራራ ብቻ ነው፤ ጠማቂዋ የለችበትም። ደጋው በገብስ፣ ቆላው በማሽላ ይጠምቃል፤ ጣዕሙም ይለያያል እኮ። የሚቀጥለው ቡድን ጠላውን በዋጋ ይግዛ፣ አጠማመቁንም ከባለሙያዋ አፍ ይጻፍ። እኛ ያን ቀን ሰባራ ሳንቲም አልከፈልንም፤ የቢራውንም የከፈሉት እሳቸው ናቸው።