ተራ የማይጠብቀው ናዳ

የመንገድ ተቋራጭ መጀመሪያ የጥራት ሥርዓቱን ይዘርጋ፣ አካባቢ ጥበቃና የሥራ ደህንነት አቅም ሲገኝ በየተራ ይጨመሩ የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ጸሐፊው በደቡብ ጎንደር የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ገደል አላዩም ልበል?

በዚያ አገር መንገድ ሲቆረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ አፈሩ የት ይደፋ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ገልባጭ መኪናው ሩቅ አይሄድም፤ እዚያው ከጠርዙ ቁልቁል ይለቀዋል። ክረምት ሲገባ አፈሩ የገበሬውን ማሳ ይሸፍናል፣ ቱቦውን ይደፍናል፤ መውጫ ያጣው ውሃ መንገዱን ከሥር ይቦረቡራል። ጠርዙ ከከዳ ደግሞ ሾፌሩም ከነመኪናው ይወርዳል። እስቲ ይህ የጥራት፣ የአካባቢ ወይስ የሴፍቲ ክፍል ጉዳይ ነው? ውሳኔው አንድ ነበር፤ አፈሩ የተደፋበት ቦታ።

የወጪ ክርክሩም ውሃ አያነሳም። የጥራቱ አይኤስኦ 9001 እና የአካባቢ ጥበቃው 14001 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታደሱ፣ የሥራ ደህንነቱ 45001 በ2018 ሲወጣ፣ የምዕራፍ አወቃቀራቸው አንድ ሆኗል። የሰነድ ቁጥጥሩን፣ የውስጥ ኦዲቱንና የአመራር ግምገማውን በጋራ መሥራት ይቻላል። በየተራ የሚለው ነው ደጋግሞ የሚከፍለው።

እርግጥ ሦስት ማኑዋል በአንድ ክላሰር መጠረዝ ሥርዓቶቹን ማዋሐድ አይደለም (የአማካሪዎች ገበያ ይህንኑ ይሸጣል)። ፎርማኑ የመድፊያ ቦታ ሳይፈቀድ ቁፋሮ የማስቆም ሥልጣን አለው ወይ? እሱን ጠይቁ።

ደግሞስ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ተቋራጩ አቅም እስኪያገኝ ይጠበቅ አይሉም።