ለኮከብ ማያ የሚሆን ጨለማ እንምረጥ



ባለፈው ታኅሣሥ ሦስት የሰፈራችን ተማሪዎች ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፣ ተወርዋሪ ኮከብ ለማየት ሌሊት ከከተማ ልንወጣ ነውና የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልን ብለው ነበር። እኔም «ኮከብ በደጃችሁም አለ፤ ሂዱ ትምህርታችሁን አጥኑ» ብዬ መለስኳቸው። ልጆቹ ግን ሄዱ። የተቀመጡት ለካ ከአንድ ገበሬ ክምር አጠገብ ኖሯል። ገበሬው በጨለማ ሲያያቸው ሌባ መስለውት ጮኸ፤ አገሬው ዱላ ይዞ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ደርሰው «እስቲ ቆዩ፣ ልጆች እኮ ናቸው!» ባይሉ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውም ነው። ስለዚህ ነገሩን ማኅበራችን ራሱ እንዲይዘው እናሳስባለን።

ለመሆኑ ልጆቹ የፈለጉት ምንድን ነው? በልጅነታችን ኮከብ ሲወረወር አንዱ «የሰው ነፍስ ወጣች» ሲል ሌላው «ሰይጣን ተባረረ» ይል ነበር። የሳይንስ ሰዎች እንደሚያስረዱት ደግሞ፣ በጠፈር የተበተነ ብናኝና ጠጠር ወደ ምድር አየር ሲገባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እየነደደ የሚሰጠው ብርሃን ነው። ምድር በየዓመቱ በዚያው ብናኝ መሐል ስለምታልፍ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። አንደኛው የታወቀ ጊዜ ነሐሴ 6 እና 7 ሲሆን፣ ለእኛ ግን ክረምት ነውና ደመናው አያሳይም። ለወሎ የሚመቸው ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ነው። በጨለማና በጠራ ሰማይ በሰዓት እስከ 100 ሊታይ ይችላል፤ ይበልጡንም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ በዚያች ሌሊት ጨረቃዋ ለጋ ስለሆነች በጊዜ ትጠልቃለች።

ታድያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? መብራቱ ላይ ነው። ፒያሳ ቆሞ ደማቆቹን ብቻ ነው የሚያዩት። ጦሳ ላይ ቢወጡ ከተማው ከእግር ሥር ይንቦገቦጋል፤ ገደሉም ለሌሊት አይሆንም። ሐረጎ ላይ ቢቆሙ የኮምቦልቻ ብርሃን ከታች ይመጣል። የሚሻለው ወደ ኩታበር አቅጣጫ ወጥቶ፣ ተራራ ከተማውን የሚጋርድበት ሜዳ መፈለግ ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው በ2007 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምሩም፣ የአዲስ አበባ መብራትና የክረምቱ ደመና ስላስቸገረ ለሌላ መመልከቻ ስፍራ ሲፈለግ ዓይን ያረፈው በላሊበላ ዙሪያ ተራሮች ላይ ነው። ምሁራን ጨለማ ፍለጋ ወደ ወሎ ሲመለከቱ፣ እኛ ወሎዬዎች የደጃችንን አለማወቃችን ያስተዛዝባል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማችን በጨለመች ጊዜ ሰማዩ በኮከብ ሞልቶ ነበር፤ ቀና ብሎ ለማየት ግን ማን ልብ ነበረው? አሁን በሰላም የምናየው ሌሊት ለልጆቻችን ይገባቸዋል።

ስለሆነም የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ/ በኅዳር ወር ሦስት አባላት ተመርጠው ስፍራውን በቀን ይዩ። ክምርና አውድማ የሌለበት፣ ገደል የራቀው፣ መኪና የሚገባበት ይሁን። ባለመሬቱንና የአካባቢውን ቀበሌ ያስፈቅዱ፤ የጥበቃውንም ነገር ያነጋግሩ።

2ኛ/ ልጆች ያለ ወላጅ አይሂዱ። የታኅሣሥ ውርጭ አይቻልምና ጋቢና ብርድ ልብስ ይያዝ፤ ቡናውን እናቶች ያውቁበታል። መነጽርም ሆነ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ በጀርባ ተንጋሎ ሰፊውን ሰማይ ማየት ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ አንድ ሰው የስልኩን መብራት ቦግ ካደረገ የሁሉም ድካም ከንቱ ነው። ባትሪ የግድ ከሆነ በቀይ ጨርቅ ይሸፈን።

3ኛ/ መሄድ የማይችሉ አዛውንቶችና ሕሙማን አሉ። በዚያች ሌሊት ከ8 እስከ 9 ሰዓት በየደጃችን የምናበራውን አምፖል እናጥፋላቸው። የመንገዱ መብራት ለጸጥታ ነውና አይነካም፤ የሰፈሩ ዘበኞችም አስቀድመው ይነገራቸው።

ደብዳቤውን አሁን ጸሐፊው ራሱ ይጽፋል፤ ማኅተምም ያደርግበታል። ሦስቱ ተማሪዎች መጥተው ይውሰዱ፤ መንገዱንም እነሱ ይምሩን።