ስምና አንዲት ፊደል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ስለ ሰው ስም ሲነገር አባባሉን አልቃወምም። የሸቀጥን ስም የሚያወጣው ግን ኩባንያ ነው። ኩባንያውም ስም ካወጣ በኋላ ነገሩን በዚያ አይተወውም። ያ ስም በአፋችን እንዴት እንዲነገር፣ ከፊቱ ምን እንዲቀድመው፣ ከኋላውም ምን እንዳይከተለው ሊያዝዘን ይፈልጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ኩባንያዎች በስማቸው ዙሪያ ሰዋስውን እንዴት እንደሚይዙት፣ ሕዝባችንም እንዴት እንደሚመልስላቸው፣ በመጨረሻም እኛ በጋሞ ምድር የምንኖር ተማሪዎች ከዚህ ምን ልንማር እንደሚገባን አስተያየቴን እገልጻለሁ።

ስለዚህ ነገር እንዳስብ ያደረገኝ ቀላል አጋጣሚ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ ሲቀላ ለምትነግድባት ትንሽ ሱቅ ሰሌዳ ልታስጽፍ ፈለገችና እኔን ወደ ጸሐፊው ላከችኝ። በወረቀት ይዤ የሄድሁት «የጨንቻ አፕልና የአርባ ምንጭ ሙዝ መሸጫ» የሚል ነበር። ጸሐፊው አነበበና ሁለቱንም «የ» ሰርዞ «ጨንቻ አፕል፣ አርባ ምንጭ ሙዝ» አደረገው። ምክንያቱን ብጠይቀው «ዘመናዊው እንዲህ ነው፤ ‹የ› ካለበት የገጠር ይመስላል» አለኝ። ቤት ተመልሼ ለእናቴ ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና «ታዲያ ከጨንቻ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ሰዋስው አልተማረችም። ነገር ግን ስለ ዘርፍና ስለ ባለቤቱ ከዚህ ጥያቄ የተሻለ ትምህርት እስካሁን አልሰማሁም።

በመጀመሪያ የታላላቆቹን ኩባንያዎች ፍላጎት እንመልከት። በእንግሊዝኛ ከስም በፊት የሚገቡ «ዘ» እና «ኤ» የሚባሉ ትንንሽ ቃላት አሉ። እነርሱን በትክክል ለማስገባት ስንደክም ኖረናል፤ በየፈተናውም ነጥብ አስጥለውናል። አይፎን የሚባለውን ስልክ የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ ግን በማስታወቂያው ዕቃውን ያለ «ዘ» እንደ ሰው በተጸውዖ ስም ይጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከኩባንያው ሹማምንት አንዱ የነበሩት ፊል ሺለር የድርጅታቸው ዕቃዎች ስም በብዙ ቁጥር መነገር እንደማያስፈልገው፣ «ሦስት ማኪንቶሽ አለኝ» ማለቱ ትክክል እንደ ሆነ በይፋ ተናግረዋል። ሌጎ የተባለውን የልጆች መጫወቻ የሚሠራው የዴንማርክ ኩባንያም ስሙ ብቻውን እንዳይቆም፣ በብዙ ቁጥርም እንዳይነገር፣ ዘወትር «የሌጎ ጡብ» እንደ ማለት ሌላ ስም እንዲከተለው አጥብቆ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከኩራት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከበስተኋላው ፍርሃት አለ። የንግድ ምልክት ማለት የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ከሌላው የሚለይ ምልክት ነው። በአገራችንም በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የሚለው ይህንኑ ነው። ስሙ የአንዱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ከሆነ፣ ማለትም የተጸውዖ ስም የነበረው የወል ስም ከሆነ፣ መለየቱ ይቀራል፤ ባለቤቱም መብቱን ሊያጣ ይችላል። አስፕሪን የአንድ የጀርመን ኩባንያ ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1921 የአሜሪካ ፍርድ ቤት የመድኃኒቱ የወል መጠሪያ ሆኗል ብሎ ፈረደ። እኛ ፔርሙዝ የምንለው፣ እንግሊዞች ተርሞስ የሚሉት ዕቃ ስምም እ.ኤ.አ. በ1963 በዚያው አገር ተመሳሳይ ፍርድ ተፈረደበት። እንግዲህ አንዲት «ዘ» ወይም አንዲት የብዙ ቁጥር ፊደል ለኩባንያው የገንዘብ ጉዳይ ናት ማለት ነው።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ ከስም በፊት የሚቆም «ዘ» የለውም። እኛ የታወቀውን ነገር የምንለየው በስሙ መጨረሻ ላይ በምናክላት ቅጥያ ነው። «ቤት» ያልነው የትኛውም ቤት ነው፤ «ቤቱ» ካልን ግን እኔም አንተም የምናውቀው ቤት ነው። የሰዋስው መጻሕፍት ይህን እምርነት ይሉታል። ከስሙ በፊት ቅጽል ሲኖር ምልክቷ ወደ ቅጽሉ ትሻገርና «ትልቁ ቤት» እንላለን። ከዚህም በላይ የእኛዋ ምልክት ጾታ አላት፤ ቁልምጫና ፍቅርም ታውቃለች። ባለ ባጃጁ የገዛ ባጃጁን ሲያሞግስ «ባጃጇ አታሳፍርም» ይላል እንጂ «ባጃጁ አያሳፍርም» ሲል ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

የሚያስደንቀው ነገር የአሜሪካው ኩባንያ ሕዝቡን የለመነው ልማድ በአማርኛ ከጥንት ጀምሮ ያለ መሆኑ ነው። እኛ ከቁጥር በኋላ ስምን የግድ አናበዛም። «ሁለት አምቦ ውሃ፣ ሦስት ሻይ፣ አራት አይፎን» ብንል የሚያርመን መምህር የለም። ምስክር ከፈለጋችሁ የከተማችንን ስም ተመልከቱ፤ አርባ ምንጭ እንጂ አርባ ምንጮች አልተባለችም። ሆኖም በዚህ ለኩባንያው ያደላ የመሰለው አማርኛ በሌላው በኩል ምንም አይራራለትም። አይፎን ይሁን ሌላ፣ ዕቃው አንድ ጊዜ ከእጃችን ከገባ «አይፎኑን አምጣው» እንላለን፤ የታወቀውን የምትለየዋን ምልክትና የተሳቢዋን «ን» ደርበን እናሸክመዋለን። አዲስ አበባ ይሁን አርባ ምንጭ፣ ይህን ሊከለክል የሚችል የማስታወቂያ ክፍል የለም።

ሕዝባችን የባዕድ ስም ሲቀበል እንደ እንግዳ ደጅ አያስቆመውም፤ እንደ ቤተ ሰብ ሥራ ይሰጠዋል። ባጃጅ በሕንድ አገር የአንድ ቤተ ሰብና የኩባንያቸው ስም ነው። በእኛ ከተማ ግን ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሁሉ፣ ሌላ ኩባንያ ቢሠራውም፣ ባጃጅ ነው። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው። በጨንቻና በዶርዜ መንገድ ዳር የሚቆሙ ሕፃናት የቱሪስት መኪና ባዩ ጊዜ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲሮጡ የሚጠይቁት ውሃውን ሳይሆን ባዶ ጠርሙሱን ነው። ኦሞም እንዲሁ ነው። ለባሕር ማዶው ፋብሪካ ኦሞ አንድ የልብስ ሳሙና ነው፤ ለባለ ሱቁ የዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ ነው፤ ለእኛ ለደቡብ ልጆች ደግሞ ኦሞ ከሁሉ በፊት ታላቅ ወንዝ ነው። «ኦሞው ሞላ» የተባለ እንደ ሆነ ስለ ወንዙ ወይስ ስለ ሳሙናው እንደ ተነገረ የሚያስረዳን ቦታውና ጊዜው ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት የሚያስቅ እንጂ የሚያሳዝን አይደለም። የሚያሳዝነኝ የራሳችን ድርጅቶች በራሳቸው ፈቃድ የአማርኛን አያያዥ ፊደል ከስማቸው ማውጣታቸው ነው። የቀድሞዎቹ ሲመሠረቱ «የኢትዮጵያ አየር መንገድ»፣ «የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ» ተባሉ። «የ» ከፊት ቆማ ማን የማን እንደ ሆነ ትናገራለች። የስልክ መሥሪያ ቤታችንም «የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን» ይባል ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ግን ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። በዚህ ለውጥ «የ»ዋ ብቻ ሳትሆን የአገሪቱም ስም ግማሹ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱትን ባንኮች፣ ሆቴሎችና ሱቆች ብንቆጥር አብዛኞቹ ሁለት ስም ያለ አያያዥ ጎን ለጎን ያቆሙ ናቸው። ነገሩ የእንግሊዝኛን አሰካክ በአማርኛ ፊደል መጻፍ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁለት ቃል አጋጥሞ አዲስ ስም መፍጠር በራሱ ነውር አይደለም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ከባዕድ ቃልና ከአገር ቃል የተሰፋ ቢሆንም ለአፍ ይመቻል፤ «በቴሌብር ላክልኝ» ማለትንም ሁላችን ለምደነዋል።

ማስታወቂያ አጭር መሆን ስላለበት ፊደል መቀነስ ግድ ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። እኔ ግን «የ» አንዲት ፊደል ናት እላለሁ። አባቶቻችን በተረታቸው ከማንኛውም ማስታወቂያ ያነሰ ቃል ተጠቅመው ሰዋስዉን ሳያፈርሱ ሐሳባቸውን ጨርሰዋል። ቋንቋ ይለወጣልና ተዉት የሚሉም አሉ። ይለወጣል፤ ነገር ግን ባጃጅንና ሃይላንድን የለወጠው ሲነጋገር የሚውለው ሕዝብ ነው። በሰሌዳው ላይ የሚለውጠው ግን ሊሸጥ የሚፈልግ አንድ ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ እኩል ሊታዩ አይገባቸውም።

ነገሩ የፊደል ጨዋታ ብቻ ሆኖ ለሚታያችሁ አንድ የታወቀ ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡናዎች ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብለት አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። የአገሪቱ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤትም በመጀመሪያ ሐረርንና ሲዳሞን አልቀበልም አለ። የተሰጠው ምክንያት እነዚህ ስሞች የቡና ዓይነት የወል መጠሪያ ሆነዋል የሚል ነበር። አስተውሉ! የሰው አገር፣ የገበሬ ማሳ፣ የአያት ቅድመ አያት ድካም ያለበት ስም በሩቅ አገር ገበያ እንደ ሃይላንድ ጠርሙስ ማንም የሚያነሣው ሆኖ ተገኘ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር ተስማማ፤ ስሞቹም ኋላ ተመዘገቡ። «ሲዳሞ» በሚለውና «የሲዳሞ ቡና» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት የገበሬ እንጀራ ነበር።

ከዚህ የቀረበ፣ የራሳችን የሆነ ምሳሌም አለ። በአዲስ አበባ፣ በተለይም በሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ የሄደ ሸማኔ ከዲታ ቢመጣ፣ ከቦንኬ ቢመጣ፣ ለብዙ ዘመን «ዶርዜ» ሲባል ኖሯል። ዶርዜ የአንድ አገርና የአንድ ሕዝብ የተጸውዖ ስም ነው፤ የከተማ ሰው ግን የሥራ ስም አደረገው። ይባስ ብሎም የንቀት ስም ያደረገው ጊዜ ነበር። ያ ሰው የሠራውን ጋቢ በበዓል ቀን በክብር እየለበሰ፣ ሠሪውን በተሰረቀ ስም ይጠራ ነበር። የተጸውዖ ስም ወደ ወል ስም ሲወርድ ኩባንያ ገንዘብ ያጣል፤ ሰው ግን ፊቱን ያጣል። «የዶርዜ ጋቢ» ያልን እንደ ሆነ ግን «የ»ዋ ሠሪውንና አገሩን ታስታውሰናለች።

ስለዚህ አስተያየቴ ይህ ነው። ባጃጁን፣ ኦሞውንና ሃይላንዱን እንደ ልማዳችን እንጥራቸው፤ ለሩቅ አገር ኩባንያ ሰዋስው ዘበኛ የመሆን ግዴታ የለብንም። የምድራችንን ፍሬና የእጃችንን ሥራ ስንጠራ ግን አንዲቷን ፊደል አንጣላት። ስንሸጥ «የጨንቻ አፕል»፣ «የአርባ ምንጭ ሙዝ»፣ «የዶርዜ ጋቢ» እንበል። እንዲህ ካልንም እውነት ይሁን። ከሌላ ስፍራ የመጣን ሙዝ «የአርባ ምንጭ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ገዢውን ያታልላል፤ ከዚህም ሌላ የከተማውን ስም እንደ ባዶ ጠርሙስ ወደ መንገድ ይጥለዋል። «የ» ቃል ኪዳን ናትና ቃል ኪዳኗን ልንጠብቅላት ይገባል። የንግድ ትምህርት ለመማር የምታስቡ ጓደኞቼም ነገ ድርጅት ስታቋቁሙ ስሙን ከማውጣታችሁ በፊት ለአማርኛ መምህራችሁ አሳዩት።

የእናቴን ሰሌዳ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ትታዘቡኛላችሁ። ወደ ጸሐፊው ተመልሼ ሁለቱን «የ» እንዲመልስልኝ ለመንሁት። እርሱም እየሳቀ ጻፈልኝ፤ ተጨማሪ ዋጋም አልጠየቀኝም። በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ በሱቁ ፊት ቆመው ሰሌዳውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና ወደ እናቴ ዞረው «ከጨንቻ ከየት ቀበሌ ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴም ቀበሌውን ነገረቻቸው። ሁለት ኪሎ ገዝተው ሄዱ።