ማዘን ማስተማርን አይተካም



ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ከእንግዳ ዓይን ሰውረው፣ እያጎረሱና እያለበሱ የሚያኖሩ ወላጆች በከተማችን ጥቂቶች አይደሉም። ይህ ከፍቅር የመጣ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን እናትና አባት ሲያልፉ ልጁን ማን ያጥበዋል? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ፣ «ሊማር አይችልም» የሚለው ምክንያት አያዋጣም።

እጅ መታጠብን እንውሰድ። ቧንቧ መክፈት፣ ሳሙና መቀባት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ ማድረቅ ነው። ሌላውን ረድታችሁት የመጨረሻውን፣ ማድረቁን ብቻ፣ ለእርሱ ተዉለት። ያን ሲለምድ መዝጋቱን ጨምሩለት፤ እንዲህ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ቅደም ተከተሉ ከቀን ወደ ቀን አይለዋወጥ፤ ለሠራውም ይመስገን።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከመሥሪያ ቤት ስትመለሱ ፎጣውን ለልጃችሁ እንድታስረክቡት በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር