የምሽቷን አዲስ አበባ ለሚያነሱ
ካሜራና ትራይፖድ ይዞ በምሽት ከተማ የሚዞርን ሰው በጥርጣሬ ዓይን ማየታችን ሊበቃ ይገባል። ትራይፖዱ ለስለላ አይደለም፤ ብርሃን ሲያንስ ሹተሩ (የካሜራው መዝጊያ) 10 ወይም 15 ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት ስላለበት፣ ካሜራው በእጅ ከተያዘ ምስሉ ይደበዝዛል። በእነዚያ ሰከንዶች የመኪናው መብራት ቀይና ነጭ መስመር ይሆናል፤ ፈጥኖ የሚያልፈው እግረኛ ከምስሉ ይጠፋል፤ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናት ግን ከቦታዋ ስለማትነሳ ከነከሰል ምድጃዋ ትቀራለች። 209 ሜትር የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ሁሉም ያነሳዋል፤ እሷን የሚያነሳት ግን ሥራ ውሎ፣ ለፎቶ ፍቅር ብሎ ማታ የሚወጣው አማተር ነው። የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ የምሽት መልካቸውን ዛሬ ማየት የምንችለው ከመፍረሳቸው በፊት ያነሳው ሰው ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ፎቶ ማንሳት የት እንደሚፈቀድና የት እንደሚከለከል በየአደባባዩ ለጥፎ ያሳውቅ፤ የጥበቃ ሠራተኞችም ከማባረራቸው በፊት ይጠይቁ። እናንተም አንሺዎች፣ ሰው ስታነሱ አስፈቅዱ፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ቀኑንና የሰፈሩን ስም መጻፍ አትርሱ።